ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ

ታኅሣሥ 11

ዛሬም ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስገተር ዋልኩ። የጠረጴዛዬ አንድ እግር አጭር ነው፤ ድንጋይ አስደገፍኩት። የዱቄት ብናኝ ፀጉሬ ላይ አርፎ ማታ ስታጠብ ሊጥ ሆነ። እንግዲህ እንጀራዬ ይኼው ነው... በቆሎ የሸጠ ገበሬ መጠጥ ቤት ሳይደርስ ቀድሞ መያዝ። ለዘርና ለማዳበሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ሳጥኔ ውስጥ ይከታል። የቀጠረኝ የቁጠባ ቢሮ ዘሩንና ማዳበሪያውን በጅምላ ገዝቶ ሰኔ አንድ ያስረክበዋል። ከዚያ በፊት በጥሬው ላውጣ ያለ፣ የእኔ ፊርማ ያስፈልገዋል።

መሐላም አለን። እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጭነው "ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ" ይላሉ። መጀመሪያ ለቀልድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን "ካላስማልሽኝ አላስቀምጥም" የሚል ሁሉ አለ። አምና ሳይምሉ አስቀምጠው በሳምንቱ እየመጡ አወጡት፤ ዘር ሲደርስ አጨብጭበው ቀሩ። ሰው ራሱን ያውቃል መቼም።

ጋሼም መጣ። ታላቅ ወንድሜ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ ተራውን ጠበቀ፤ እህቴ ናት ብሎ አልቀደመም።

"ገንዘቤን ከቤቴ ውጭ አሳድሬ አላውቅም" አለኝ።

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

"አንቺ ነሽ ብዬ ነዋ!"

እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ አጉረመረመ። ከጎኑ የቆመው ጎረቤቱ "ጮክ በል እንጂ፣ እኛም እንስማ!" ብሎ አሳቀን። ይኼ ጎረቤቱ ጡሩምባ ነው የሚባለው። ሹክ ሲል እንኳ ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

ጥር 19

ጡሩምባ ገንዘቤን አምጪ ብሎ መጣ። ለምን? ሬዲዮ ሊገዛ።

"ምለሃል እኮ!"

"የማልኩት ታኅሣሥ ነው። አሁን ጥር ገብቷል።"

ወይ ጉድ! መሐላም እንደ ወተት ያድርና ይበላሻል? እምቢ አልኩ። ለመነ፤ እምቢ። ተቆጣ፤ እምቢ። "ወይዘሪት እምቢ!" እያለ ወፍጮ ቤቱን አናግቶት ሄደ። እስከ ማታ ስሙ መንደሩን አዳረሰው። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ "ወይዘሪት እምቢ!"... ደስ አለኝ። ምን ይዋሻል?

ጥር 27

ጡሩምባ እንቁላል ይዞ መጣ። ይቅርታ መሆኑ ነው። "ብትሰጪኝ ኖሮ ሰኔ ላይ ሬዲዮ እየሰማሁ እራብ ነበር" አለ። እንቁላሉን ጠብሼ በላሁ። እንዲህ ያለ ቀን አለ፣ ሥራዬን የምወድበት።

መጋቢት 8

ጋሼ ቤት ዋልኩ። ሚስቱ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ያው ስኳር የሌለው።

"ስኳር የለም እንዴ፣ እትዬ?"

"ሞልቷል። ለእንግዳ ነው። አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆንሽው?"

ጋሼ ከት ብሎ ሳቀ። ዘንድሮ ከእሱ ማሳ ጎን ያለውን መሬት ተከራይቷል። ኪራዩን ሲያጭድ በበቆሎ ይከፍላል። ባይሆንለትስ? "ባይሆንማ ባለመሬቱ አንዱን በሬ ይነዳል" አለ፤ የሰው ነገር እንደሚያወራ ዘና ብሎ። እትዬ ግን አልሳቀችም። "በአንድ በሬ የሚያርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "አይዞሽ" አልኳት። "ምርጥ ዘር ነው የሚዘራው፣ ማዳበሪያውም አለ። እኔ አለሁ አይደል?"

እኔ አለሁ አልኩ... በዚህ አፌ።

ሚያዝያ 24

ዘነበ! ገና በሚያዝያ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። ምን ነካው ዘንድሮ?

ሚያዝያ 28

አላባራም። መሬቱ እስከ ክንድ ርሷል ይላሉ። ጠዋት የቤቴን በር ስከፍት ደጁ ሰው ሞልቶታል። የማዳበሪያ ሻጩ መጋዘን ሙሉ ነው፤ ምርጥ ዘሩም አለ። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በዱቤ አይሰጥም። የእነሱ ገንዘብ ደግሞ እኔ ጋ ነው።

"ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ!" አለ ጡሩምባ።

የቢሮው ኃላፊ ጋ ደወልኩ። "ውሸተኛ ዝናብ ነው" አለኝ፣ ከተማ ቁጭ ብሎ። "ዘርተው ቢደርቅባቸው ማን ሊጠየቅ ነው? ቀኑ ሰኔ አንድ ነው።"

"የዘንድሮ ሰማይ ሰኔ አንድን አያውቅም፣ ጌታዬ።"

ድምፁን ለስለስ አድርጎ... "ፊርማው ያንቺ ነው፤ እኔ አልከለክልሽም። ግን ለአንዱ ከከፈትሽ ለሁሉም ከፈትሽ። ቋሚ ቅጥሩ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ገንዘብ ላላወጣበት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ስድስት ዓመት በኮንትራት። በየዓመቱ "ይታደስልኝ" እያልኩ ደጅ መጥናት። የቤት ኪራይ ሲጨምሩብኝ አፌን መያዝ... ይኼን እሱም ያውቃል።

ወጥቼ "ቢሮው እያየው ነው፣ ትንሽ ታገሱ" አልኳቸው። ቢሮው ምንም እያየ አልነበረም።

ግንቦት 3

ጋሼ መጣ። ብቻውን።

ተቀመጥ አልኩት፤ እምቢ አለ። እናታችን የሞተች ጊዜ እንኳ ከሰው ሳንቲም ያልለመነ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሻል።

"ፈርሚልኝ" አለ።

ምን ብል ጥሩ? ሳቄ መጣ። የፍርሃት ሳቅ። "ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ ብለሃል እኮ፣ ጋሼ።"

አየኝ። "የማልኩት ለዘሩ ብዬ ነው" አለ። "ለዘሩ የማልኩትን ይዘሽ ዘሩን ትከለክይኛለሽ?"

"ዝናቡ ውሸተኛ ነው ብለዋል።"

"እነማን?"

"ቢሮ።"

እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን አሳየኝ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። "ውሸተኛው ይኼ ነው?"

ለሁሉም እኩል መሆን አለብኝ አልኩ። ለወንድሟ ከፈተች ይሉኛል አልኩ። ሰኔ ሩቅ አይደለም አልኩ። ብዙ አልኩ። ስለ ቋሚ ቅጥሩ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

"እባክሽ" አለ ጋሼ።

ከእሱ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ቃል። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

እምቢ አልኩ።

ግንቦት 4

የጫማው ጭቃ ወለሉ ላይ ደርቋል። አልጠረግኩትም።

ግንቦት 17

ማዳበሪያ ሻጩ የቀረውን በሁለት ከባድ መኪና ጭኖ ገዢ ወዳለበት ሄደ። መጋዘኑ ባዶ ነው፤ በሩ እንኳ አልተቆለፈም። ምኑ ይቆለፋል?

ሰዉ ሊበላ ካስቀመጠው በቆሎ እየቆነጠረ ዘራ። ጋሼም። ያለ ማዳበሪያ። "ሰው ጠብቅ ቢለኝም ዝናብ አይጠብቀኝም" ብሏል አሉ። ለማን እንዳለው ጠፍቶኝ አይደለም።

አሁን ብፈርምስ? አሁንማ ገንዘብ ነው እንጂ ዘር አይሆንም... ያኔ ብፈርም ኖሮስ? ይብቃኝ። መብራት ላጥፋ።

ሰኔ 1

የርክክብ ቀን። ኃላፊው መጣ፣ ፎቶ አንሺም መጣ። ዘርና ማዳበሪያ የጫነው መኪና ግን አልመጣም።

"መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው" አለ ኃላፊው።

"ጭቃ?" አለ ጡሩምባ ከሰልፉ መሐል። "ውሸተኛ ዝናብም ጭቃ ያመጣል እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበር፣ እንደ ልማዱ። ወደ እኔ አላየም።

ሰኔ 24

አልመጣም።

ሐምሌ 9

አልመጣም። አሁን ደግሞ ጨረታው እንደገና መታየት አለበት ተባለ። ገንዘባቸውን መልሱላቸው ብዬ ጻፍኩ። "ለአቅራቢው ተከፍሏል" የሚል መልስ መጣ። ኃላፊው ስልክ አያነሳም። ይኼን ደብዳቤ ሚያዝያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ያኔ ግን ልቤ ሌላ ነገር ያሰላ ነበር።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሳልፍ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። "ወይዘሪት እምቢ" የሚለኝም ጠፋ። መጠሪያው ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ነሐሴ 2

መኪናው መጣ! እሰይ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በቆሎው አበባ አውጥቷል። ቢጫ፣ ቀጫጫ፣ ከወገብ በላይ አላለፈም። ከእንግዲህ ማዳበሪያ ቢያለብሱትም ዋጋ የለውም። ሰዉ ግን ድርሻውን ተሸክሞ ሄደ። ምን ያድርግ? ገንዘቡ ነው። ጋሼ ጆንያውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ላግዝህ ብዬ ጠጋ አልኩ። "ግድ የለም" አለ። ለማንም እንደሚለው፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 19

ዝናቡ ወጣ። ቀድሞ መጣ፣ ቀድሞ ሄደ። ፍሬው ገና አልሞላም።

መስከረም 20

ከተማ። አዳራሽ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውኃ።

"ከሁሉም ጣቢያ አንድም ቆጣቢ ያላወጣበት!" አለ ኃላፊው በማይክራፎን። "እምቢ ማለት የቻለች ሠራተኛ!" አጨበጨቡልኝ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ በመስታወት የተሸፈነ። ሽልማት በፖስታ። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤም።

ተነስቼ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። ቆቡን ስለሚያሸው ሰውዬ... "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለችው የሌላ ጣቢያ ልጅ "እንዴት ቻልሽው?" ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። የሷ ሰዎች ሚያዝያ ላይ ለምነዋት ፈርማለች። በቆሏቸው ደርሷል። እሷ ኮንትራቷ አልታደሰም።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም።

ጥቅምት 13

ሰርተፍኬቱን አልሰቀልኩትም። አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ስጠርግ መጥረጊያው ይመታውና መስታወቱ ያቃጭላል።

ኅዳር 22

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሳጥኔን ይዤ ዋልኩ። ሰው በቆሎውን ያስፈጫል፣ "እንደምን ዋልሽ" ይለኛል፣ ያልፋል። ሳጥኑ ላይ እጁን የጫነ የለም።

ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው የነገረኝ። ቤት ለቤት ተማክረው የቻሉትን አዋጥተዋል። ማዳበሪያውን ከአሁኑ፣ ርካሽ ሳለ ገዝተው ጡሩምባ ቤት ጣውላ ላይ ደርድረውታል። ምርጥ ዘሩንም እንደዚሁ። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ጡሩምባ ራሱ ነው ጠባቂው። ሌባ ቢመጣ ድምፁ ይበቃል።

ጥሩ ነገር አደረጉ። ከእኔ የተሻለ አሰቡ። ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም፤ የወንድሜ ቤት እንኳ።

ኅዳር 30

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ፖስታውን ይዤ። የሽልማቱን... አንድ ሳንቲም አልነካሁበትም።

ጋጣው ውስጥ አንድ በሬ ብቻ አለ። ጓደኛውን ባለመሬቱ የነዳው ባለፈው ሳምንት ነው። ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ ቆሟል። ቶሎ አልፌ ገባሁ።

ተቀበሉኝ። "ግቢ፣ ግቢ!" አሉኝ፤ ለመቀመጫ ግርግዳው ሥር ያለውን ጆንያ አነጠፉልኝ፤ ጨርቅ ጣል አድርገውበት። ተቀመጥኩ። ድንጋይ! ያቺው ማዳበሪያ ነች፣ የነሐሴዋ። እርጥበት ገብቷት ደርቃለች። ጡሩምባ ቤት ከሚደረደረው ጋር አልወሰዳትም። በመዶሻም አትሰበርም።

ወዲያ ወዲህ ተባለ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ። ጋሼ "ቋሚ ሆንሽ አሉ" አለኝ።

"ሆንኩ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

ከአፉ እንጂ ከአንጀቱ አልነበረም ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ከአንጀቱ ነው ያለው። ይኼው ነው የጎዳኝ።

ፖስታውን አውጥቼ ጉልበቱ አጠገብ አኖርኩት። "በሬ አይገዛም፤ ጅምር ግን ይሆናል" አልኩ። "ጋሼ፣ እባክህ" አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ሳልፈልግ። "እባክህ ውሰድልኝ።"

እጁን ፖስታው ላይ ጫነ። ያን ጊዜ ሳጥኑ ላይ እንደጫነው፣ መዳፉን ዘርግቶ። ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው።

"ብትለምኚኝም" አለ። ሌላ አልጨመረም። ተነስቶ በሬውን ውኃ ሊያጠጣ ወጣ።

እትዬ ሻይ ይዛ መጣች። ብርጭቆውን በሰሃን አድርጋ፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችኝ። "ጠጪ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ" አለችኝ።

አንዴ ፉት አልኩት።

ስኳር አድርጋበታለች።