ቡዳፔስት ያጠጣችኝ ውሃ

ውድ እትዬ ቴሬዝ፣

ከቲሳ ወንዝ እስከ ካናዳ ያለውን ምድርና ባሕር የሚያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ በብርዱ አላስቸገረሽም? ባለቤትሽን ሎሪንፅን ሳሉ ተወው? ልጆቹ የኛን ቋንቋ ይናገራሉ ወይስ እንደ ዝይ መንጫጫት ጀመሩ? እኔ ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። የሆዴን ነገር ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ጽሕፈቱን ልብ በይልኝ። የገዛ እጄ ነው። ከእንግዲህ ቄሱ እየጻፉልኝ ቀልዴን ቆርጠው ምክር አይቀጥሉበትም። የማታ ትምህርቴን ጨረስኩ። አስተማሪያችን «ባላዥ፣ ድምፅህ ንባብህን ይቀድመዋል» አለኝ፤ እንደ ምስጋና ወስጄዋለሁ።

ለምርቃታችን ቡዳፔስትን ሊያሳየን ወሰደን። እኔ ግን ለከተማው ብዬ አልሄድኩም። ቦርባላን ታውቂያታለሽ፣ የወፍጮ ቤቱ የቪልሞሽ ሚስት የነበረችው። እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ከእኔ ጋር ስትማር ከረመች። አግቢኝ ብላት «ቡዳፔስት ላይ ቀኑን ሙሉ አይሃለሁ፤ ስንመለስ ባቡሩ ላይ መልሱን እነግርሃለሁ» አለችኝ። አዲስ ባርኔጣ ገዝቼ፣ ጢሜን ቀብቼ ሄድኩ።

እትዬ፣ ያቺ ከተማ ትገማለች። ጣቢያው የከሰል ጭስና የሽንት ሽታ ተጋብቶበታል። ዳኑብ የሚሉት ወንዛቸው የሳህን እጣቢ ይመስላል። ነገሥታቱን በነሐስ ፈረስ ላይ አስቀምጠው ለርግብ ኩስ ትተዋቸዋል፤ የኛ በሬዎች ከነሱ በንጽሕና ያድራሉ። እኔ ግን ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ለቦርባላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «ሣሩን አትርገጡ» የሚለውን ሳይቀር፣ ሣሩ ላይ ቆሜ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔም እኮ ተምሬያለሁ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ፍል ውሃ ቤቱን ልናይ ገባን። ሽማግሌዎች እስከ አገጫቸው ተነክረው ቼዝ ይጫወታሉ። አንዱ ውሃው ላይ ያስነጥሳል፣ ሌላው በዚያው ውሃ ፊቱን ይታጠባል። የቁስል ፕላስተር ይንሳፈፋል። አጠገቡ ደግሞ ለጨጓራ መድኃኒት ነው ተብሎ የምንጩ ውሃ በብርጭቆ የሚሸጥበት አዳራሽ አለ። ለብ ያለ ነው፤ ሽታው የገማ እንቁላል። ሰዉ ወግ ይዞ ፉት ይላል። ቦርባላ ጨጓራዋን ስለሚያማት ገዝታ «አንተስ? ፈራህ እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ልፈራ? «የቲሳ ልጅ ብርጭቆ አይልስም» ብዬ እንደ ፕሪም ፍሬ አረቄያችን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ሻጯ «ጋሼ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚጠጣው» አለች፤ ምን ያደርጋል፣ ዘገየች። የጠዋቱ ቋሊማ ሳይቀር ተመልሶ መጣ። ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ተመልካቹ ብዙ ነው። ሌላ መላ ስላጣሁ አዲሱን ባርኔጣዬን አውልቄ እዚያ ውስጥ አስታወክሁ። የክፍል ጓደኞቼ በሙሉ ሳቁብኝ፤ አንዱማ «ባላዥ፣ እስቲ ይህንንም አንብብልን» አለ። ቦርባላ አልሳቀችም። ባርኔጣውን በሁለት ጣቷ ተቀብላኝ ወስዳ ጣለችው።

ባቡሩ ላይ ቃል አልተነፈስኩም። ጣቢያ ሲመጣ ጣቢያ ሲያልፍ ስሙን አላነበብኩም። እንዳበቃልኝ ገብቶኛል። የቲሳን ድልድይ ስንሻገር ቦርባላ ቀስ ብላ፣ «ቪልሞሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተኝቶም ያወራ ነበር። አንተም እንደ እሱ ማታ ማታ የምትፈጭብኝ መስሎኝ ነው ስፈራህ የከረምኩት። ለካ ዝም ማለት ትችላለህ» አለችኝ። ቀጥላም «አዲሱ ወይን ሲቀዳ፣ ለቅዱስ ማርቲን በዓል እንጋባ» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

እውነቱን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ዝም ያልኩት አፌን ስከፍት ያ ውሃ እንዳይመለስ ፈርቼ ነው።

ሎሪንፅን ትከሻውን መታ አድርጊልኝ። ትልቋን ኤማን ግንባሯን፣ ትንሹን ሚሽካን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለሠርጋችን የምትልኪውን ደብዳቤ በሁለታችን ስም ጻፊው፤ የዝምታዬን ነገር ግን እንዳታነሺ። አሁን እሷም ታነባለች።

ወንድምሽ ባላዥ
ኪሽሃላስ፣ ከቲሳ ዳር
ጥቅምት 3 ቀን 1963 እ.ኤ.አ.