ቅልጡ ጃርሳ ሥር ያለው ጭቃ

ኦልጅራ ሆዴ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተና ጤና ከተለያያችሁ ዓመት አልፏል። በእናንተ በጴንጤዎቹ ቤት ሙት ዓመት ብሎ ነገር የለም። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ግን በልቤ ቆጥሬ፣ ቀኑ ሲደርስ ለማንም ሳልናገር ዳቦ ገዝቼ ለሰፈሩ ልጆች አከፋፈልኩ። እናትህ በመስኮት አየችኝ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገብቷታል፤ መጥታ የራሷን ቁራሽ ተቀብላ በላች።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ እዋሻለሁ። በክረምቱ ንፋስ አቮካዶው ወድቆ አጥሩን ይዞት ሄደ፤ እስካሁን በቆርቆሮ ነው የደፈንኩት። ልጃችን ሲፈን ጃኬትህን እጅጌውን ጠቅልላ ትምህርት ቤት ትለብሰዋለች፤ ያንተ ትምህርት ቤት ስለሆነ ማንም ዩኒፎርም አይደለም ብሎ አይናገራትም። በቦታህ የገባው ወጣት የጂኦግራፊ መምህር አፍሪካን ሲስል ስኳር ድንች ነው የሚመስለው ትላለች። እናትህ አዮም ገጠሩን ትታ እኛ ጋ ገብታለች፤ መጻሕፍትህ በነበሩበት ክፍል ነው የምትተኛው። እሷ በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እንግባባለን። ስንጣላ ብቻ ነው የምንቀያየረው፤ እኔ በኦሮምኛ እናገራታለሁ፣ እሷ በአማርኛ ትገስጸኛለች። እናትህን እንደምታውቃት ነች።

አሁን ለምን እንደምጽፍልህ አስቀድሜ ልንገርህ፣ ነገር ማዞር አልወድም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ነገ ግድቡ ላይ እወጣለሁ። በአባትህ መቃብር ላይ የጭቃ ማውጫ ቱቦዬን ላውርድ ወይስ ልተው?

የግድቡን ጥናት ስንጀምር እንዴት እንደሳቅክብኝ ትዝ ይልሃል? የጥናቱ ኃላፊ ባሕር ማዶ፣ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ቦታ፣ ከባሕሩ ወለል ጭቃ እያወጣ በውስጡ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን በካርታ ላይ ሲያሰፍር የኖረ ሰው ነው። ያንኑ ዘዴ ይዞ መጥቶ፣ ከአኖ ወዲያ ወንዙ ወደ ግድቡ በሚገባበት አፍ ላይ እንሥራው አለን። አንተም ባሕር የሌለው አገር የባሕር ወለል ባለሙያ አገኘ ብለህ ቀኑን ሙሉ ስትቀልድ ዋልክ። ቀልድህን ስትጨርስ ግን እርሳስህን አነሳህ። የግድቡን ካርታ በአራት ማዕዘን የከፋፈልከው አንተ ነህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከነቀምት ተነስተን፣ ጉቴን አልፈን፣ አኖ ላይ ከአስፋልቱ ወርደን፣ ጀልባዋ ላይ አንተ ገመድ ትይዛለህ፣ እኔ ቱቦውን አወርዳለሁ። ቱቦው ጭቃውን ይዞ ሲወጣ ላዩ ቡናማ፣ ሥሩ ጥቁር ሆኖ ተደራርቦ ሲታይ፣ ይህ እኮ መጽሐፍ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ መጽሐፍ እንዲህ አይገማም እልሃለሁ።

ቤተ ሙከራ ወስጄ እነማን እንደሚኖሩበት ስለይ፣ አየር የሚተነፍሱት ከበዙ ያ ማዕዘን አረንጓዴ ይቀባል። አየር በሌለበት የሚኖሩትና ውኃውን የሚያገሙት፣ ከጭቃውም ብረት እያስለቀቁ የሚያበላሹት ከበዙ ቀይ ይሆናል። አንተ እነሱን «ሕዝብሽ» ነበር የምትላቸው። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ሰላምታ በፊት ሕዝብሽ እንዴት አደረ ትለኛለህ። ያኔ እናደድ ነበር። ዛሬ የሚጠይቅልኝ ሰው የለም።

ካርታው አልቋል፣ ከአንዲት ማዕዘን በቀር። የቷ እንደሆነች ታውቃታለህ። መስመሩን ስታሰምር እዚያ ስትደርስ እርሳስህ ቆመ። ከዚህ ውኃ ሥር የልጅነት መንደርህ ቅልጡ ጃርሳ እንዳለ፣ ከትልቁ ሾላ ሥርም መቃብሩ እንደነበረ፣ አባትህም እዚያ እንዳለ ነገርከኝ። ግድቡ መንደር መዋጡን አውቅ ነበር፤ ልክ እዚያ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዚያ ይህቺን መጨረሻ እናድርጋት አልክና ወረቀቱን ገለበጥከው። እኔም አልገፋሁህም፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር። በሳምንታት ውስጥ አንድ እጅ ሙዝ ይዘህ ከባጃጅ ስትወርድ፣ በራችን ላይ ልብህ ቆመ።

ካርታው ለግድግዳ ቢሆን ኖሮ ማዕዘኗን ባዶዋን ትቼ አርፍ ነበር። ነገር ግን በዙሪያው ላሉት ከተሞችና ቀበሌዎች የመጠጥ ውኃ ከዚያ ግድብ ሊሳብ ነው። መሳቢያው የት ይተከል የሚለው በካርታችን ነው የሚወሰነው። መሐንዲሶቹ ደግሞ ዓይናቸውን የጣሉት በዚያችው ላይ ነው፤ ጥልቅ ናት፣ ለዳርቻውም ትቀርባለች። የመቃብሩን ነገር ለጥናቱ ኃላፊ ስነግረው አዘነልኝና አትጨነቂ አለ። ባዶ ብትተዪው ኮምፒውተሩ ከጎረቤቶቹ ተነስቶ ይሞላዋል አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው። ጎረቤቶቿ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ስለዚህ እሷም አረንጓዴ ልትሆን ነው፣ ማንም ሳይነካት።

እኔም እሺ ልል ምንም አልቀረኝ። ግን ባለፈው በጋ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት በዚያ ሳልፍ ውኃው እንደ ሽሮ ፍትክ ፍትክ ሲል አይቻለሁ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ነው ያለው። ከመቃብሩ አይደለም፣ እንዳትደነግጥ፤ ግድቡ ከሞላ ወዲህ የሞተ ቅጠልና እበት ወንዙ እየጠረገ የሚያከማችበት ጉድጓድ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ደግሞ ካርታ ላይ አይቀባም። ወይ አውርጄ አውቃለሁ፣ ወይ ያላየሁትን አረንጓዴ ነው ብዬ የሰው ልጅ ከዚያ እንዲጠጣ እፈርማለሁ። ዝናቡ ጉም ጉም ማለት ጀምሯል። ወንዙ አንዴ ከሞላ ጀልባ አይገባም። በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ብዙ ቅዳሜ አለፈን፤ ነገ የመጨረሻችን ነው።

አዮ ነገሩን እንዴት እንደሰማች ልንገርህ፤ አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር። የቤተ ሙከራው መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም እንቢ አለ። የእኛ ቤት የሆስፒታሉ መስመር ላይ ስለሆነ መብራት ብዙ አይጠፋበትም ብዬ፣ ቱቦዎቹን በበረዶ ሳጥን ይዤ መጥቼ ፍሪጃችን ውስጥ ከወተቱ አጠገብ ደረደርኳቸው። ልነግራት አስቤ ረሳሁት። በማግስቱ ወተት ልታወጣ ስትከፍት ጥቁር ጭቃ በጠርሙስ መሳይ ነገር ተሰልፎ ጠበቃት። ጠራችኝ፣ በአማርኛ። የልጄን ልጅ የምታበዪው ይህንን ነው ወይ አለችኝ። የግድቡ ጭቃ ነው አልኳት። በየት በኩል አለች። ወንዙ በሚገባበት በኩል አልኳት። ቁጭ አለች። ቱቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ቆየች። በእጇ ሙቀት ናሙናዬ እየተበላሸ ነው፣ ግን እኔ ነኝ ከእጇ የምቀበላት? ከዚያ ሾላው ጋ ደርሰሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነኝ አልኳት። «ገና» የምትለውን ቃል አፌ ላይ ምን አመጣት! ፊቷን ስታዞር አየኋት።

ያን ቀን ነው ስለ መንደሩ የነገረችኝ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ከብቶቹ የሚጠጡበት ድረስ መጣ፣ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ማሳው ዳር ደረሰ፣ እዚህ ይቆማል አሉ። አባትህ ያረፈው በዚያ ሰሞን ነው። ሲነሱ አንዳንዱ የዘመዱን አጽም አውጥቶ ይዞ ሄደ። እሷ ግን የሚቆፍርላት ወንድ አልነበራትም፣ አንተም ገና ቀሚሷን ይዘህ የምትሄድ ሕፃን ነበርክ። ከዚያ በኋላ ያንን ውኃ አንድ ቀን ሄዳ አይታው አታውቅም።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌ ቤት ድረስ ጠርቼ አመጣሁባት። መልካም ሰው ናቸው፤ በኦሮምኛ ቀስ ብለው፣ የሞተ ከጌታ ጋር ነው፣ እዚያ ያለው አፈር ብቻ ነው አሏት። አዮ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። እርጎ አቀረበችላቸው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እዚያ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን እዚያ ነው ትቼው የሄድኩት።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ድስት መልሼ አጠብኩ።

አንጀቴን በላችው ኦልጅራ። አፈር ነው ብሎ ማለፍ እኔም አይሆንልኝም። አባቴ የእናቱን መቃብር ወሎ ትቶ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ ችግሩ ሰፈራችን ሲደርስ ደግሞ የእናቴን መቃብር እዚሁ ወለጋ ትቶ ተመልሶ ሄደ። ስልክ በደወለ ቁጥር ስለ እኔ ጤና ከመጠየቁ በፊት ሣሩን የሚያጭድለት ሰው አለ ወይ ይለኛል። ስለዚህ ያቺ አሮጊት ምን እንደያዛት ይገባኛል። ሥራው የእኔ ባይሆን ኖሮ ከእሷ ጎን ቆሜ አትንኩ እል ነበር።

ከቀናት በኋላ አልቻልኩም፤ ቀጥ ብዬ ትከለክዪኛለሽ ወይ አልኳት። ፎጣ እያጠፈች ነበር። «መቃብሩ የልጁ ነው» አለችኝ። «ባልሽን ጠይቂው።»

ምን ልበልህ፣ ተናደድኩ። እንቢ ማለት ስታፍር በሬሳ አሳበበችብኝ ብዬ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ደግሞ ሳስበው እውነቷን ነው፤ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነበርክ፣ አንተ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጠህ ሄድክ። እና ይኸው፣ ጠየቅኩህ። ከጠዋት ጀምሮ እየጻፍኩ መልስህን እየጠበቅኩ ነው።

አንዳንዴ አውርጂው ስትለኝ ይሰማኛል። ቆሻሻ ውኃ በሃይላንድ ይዞ የመጣ ተማሪ ስታይ ትምህርቱን አቁመህ የራስህን የምትሰጥ ሰው ነበርክ። አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቱን ስትገለብጥ ፊትህ ምን ይመስል እንደነበር ትዝ ይለኝና ብዕሬን አስቀምጣለሁ። መጨረሻ እናድርጋት ያልከው ልታደርገው ነበር ወይስ ልትሸሸው? እኔ እንኳ ሚስትህ አላውቅም። ደግሞም እፈራለሁ። አረንጓዴ ከወጣ አባትህን በከንቱ ነካሁት። ቀይ ከወጣ መሳቢያው ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ሥራው ይዘገያል፤ ጀሪካን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት ሴቶች ውኃችንን ያዘገየችብን የሰፋሪ ልጅ ናት ይሉኛል። ሁለቱም መንገድ እሾህ ነው።

ቢሆንም አወርደዋለሁ። ይህንን ያልኩህ ደፍሬ አይደለም፣ እየፈራሁ ነው። አዮ ጠይቂው የምትለኝ ልጅ አላት፤ እኔም የምጽፍለት ባል አለኝ፣ ቢሞትም። ከዚያ ቧንቧ የሚጠጡት ልጆች ግን ውኃው እንዴት ነው ብለው የሚጠይቁት ከእኔ በቀር የላቸውም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳበቃ አዮ ከገበያ ገባች። ጃንጥላዋን ይዛ ብቻዋን መውጣቷን እንኳ አላወቅሁም ነበር። የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ ወረቀቴ አጠገብ አስቀመጠች። «ያኔ ጨርቅ አልነበረንም፤ በሰሌን ነው የቀበርነው» አለችኝ። «ነገ የሚወጣውን በዚህ ጠቅልዪው።» ወስኛለሁ ብዬ አልነገርኳትም። አንተም ምን ብለህ እንደመለስክ አልጠየቀችኝም። አብራኝ ልትመጣ ነው፤ ጀልባ ላይ አትወጣም፣ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

ለሥራዬ የምፈልገው ጥቂት ነው፤ የቀረውን በአቡጀዲው ጠቅልለን ነቀምት እናመጣዋለን። እናትህ በእጇ መቃብርህ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ትታው የሄደችው አባትህ ከእንግዲህ አንተ ያለህበት ነው ያለው። በካርታው ላይ ሌሎቹ ማዕዘኖች ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ በዚህች ላይ ግን ቀይም ትሁን አረንጓዴ ቅልጡ ጃርሳ ብዬ እጽፍባታለሁ። መሐንዲሶቹ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ መንደር ነው እላቸዋለሁ፤ ባሌ የተወለደበት፣ አባቱ ያለበት። በጠየቁኝ ቁጥር እናገራለሁ፤ ሲፈንም ከእኔ በኋላ ትናገራለች።

ካልተስማማህ ግን ዛሬውኑ በሕልሜ መጥተህ ተቆጣኝ። ቁጣህም ናፍቆኛል።

ሚስትህ