እናቴ እንዳትፈርም

እኔ በሙያዬ መሬት ቀያሽ የሆንኩ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ሴት፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ በጠያቂዎች ሰዓት፣ በሴቶች የልብ ሕሙማን ክፍል መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ ሰጥቻለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ አልታመመም። ነገ ጠዋት ደረቴ ይከፈታል። ሐኪሙ "አይዞሽ፣ ብዙዎች ይድናሉ" ብሎኛል፤ ሁሉም አላለኝም። ከመግባቴ በፊት እናቴ ልትፈርመው ያሰበችውን አንድ ወረቀት እንዳትፈርም እፈልጋለሁ። የምናዘዘው በዋናነት ለዚህ ነው።

ጸሐፊዬ የጎን አልጋ ታካሚ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት ሲጽፉ የኖሩ። "በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ ይጻፉልኝ" ስላቸው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ ኑዛዜ እኮ የሰፈር ወሬ አይደለም" አሉኝ።

"እትዬ፣ የእኛን ቤት ያፈረሰው ሳይነገር የቀረው ነው" አልኳቸው። እሺ ብለዋል።

እናቴ ራስጌዬ ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድሜ ወንበር ሲሰጡት እምቢ ብሎ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ካየሁት ሁለት ዓመት አልፎኛል። ምስክሮቼ የክፍሉ ነርስና በመስክ ሥራ ለዓመታት የመለኪያ ዘንግ ይዘውልኝ የኖሩት ረዳቴ ናቸው።

አንደኛ፦ ስለ ዕዳው። ዕዳው የእኔ አይደለም፤ ዋስትናው ግን የእኔ ነው። ወንድሜ የጭነት መኪና ለመግዛት ሲበደር አበዳሪው ደመወዝ ያለው ዋስ ጠየቀው። "ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" አለኝ። አንብቤ ነው የፈረምኩት፤ ስለዚህ አልክድም። እሱ መኪናውን ሸጠ፣ ስልኩን ቀየረ፣ ጠፋ። ለዘመድ አዝማድ ግን "ለትምህርቷ የተበደረችው ነው" ብሎ ሄደ። ሁሉም አመነው። የተማረች ሴት ገንዘብ አባከነች ሲባል ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

ስለዚህ ማዕዘን የምለካበት መሣሪያዬ ተሸጦ ገንዘቡ ለአበዳሪው ይሰጥ። ከአባታችን ቤት ከሚደርሰኝ ድርሻም ሕግ የሚፈቅድለትን ይውሰድ። የቀረውን ከተበዳሪው ይጠይቅ። ከእናቴ ድርሻ ግን አንዲት ምስማር አይነቅልም።

"ገመናችንን እንዲህ አደባባይ ታወጪው?" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ገመናውማ ከወጣ ቆየ። ውስጥ የቀረው እውነቱ ነው።"

"ይህም ይጻፍ?" አሉ ጸሐፊዋ።

"ይጻፍ።"

ሁለተኛ፦ ስለ ዕዳ ሰብሳቢው። ስሙን አላውቀውም። ቤታችን ውስጥ "ጉንፋን" እንለዋለን፤ ለቀቀን ስንል ስለሚመለስ። ቢሮዬ እየደወለ ስልክ ተቀባይዋን "ያቺ ሌባ ገብታለች?" ይላት ነበር። ሥራ አስኪያጁ "የግል ጣጣሽን ቤትሽ ጨርሺ" ብሎ አሰናበተኝ። ሰፈራችን መጥቶ ባለሱቁ ደጃፍ ላይ የእናቴን ስም እየጠራ ጮኋል። እናቴ መጋረጃ ጀርባ ገብታ "የለችም በሉት" ስትል እኔ በሩን ከፍቼ "አለሁ" እለው ነበር። "የምትለውን በጽሑፍ አምጣ። በየወሩ የምችለውን እከፍላለሁ፤ የማልችለውን አልዋሽህም። ገንዘቡን ተበድረናል፤ ስድቡን ግን አልተበደርንም፣ ይዘኸው ተመለስ።"

ከዚህ ያገኘሁትን ምክር አወርሳለሁ። "የለኝም" ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ፣ አንተ ተደብቀህ ሌላው ሰው በአንተ ፋንታ ሲዋረድ ዝም ማለት ነው። ይህን የምለው ወደ በሩ እያየሁ መሆኑም ይጻፍ።

ወንድሜ "ጨርሺው እንግዲህ" አለ።

"ታጋሽ ሁን፤ እኔ ሁለት ዓመት ታግሻለሁ።"

ሦስተኛ፦ ስለ ቤቱ። አባታችን ቤቱን ለእናቴ፣ ለወንድሜና ለእኔ ትቶልን ነው የሞተው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን እናቴን ለብቻዋ አግኝቶ፣ "ልጅሽ ብትሞት ዕዳው ወዳንቺ ይዞራል፤ ቤቱን በዋስትና ፈርሚና በሰላም ትታከም" ብሏታል። ነገ እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስገባ ልትፈርምለት ተቀጣጥረዋል። የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣችኝ።

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እመቤቴ፣ እኔ ዕድሜዬን የፍርድ ወረቀት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ድርሻዎ ያለ ፊርማዎ የሚወሰድ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ምን ያስለምነዋል?" አሏት።

"እና ልጄን ወህኒ ያስገቡት?" አለች እናቴ።

የትኛውን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። "ልጄ" ስትል ሁልጊዜ እሱን ነው።

አራተኛ፦ ከዕዳው የሚተርፍ ድርሻ ካለኝ እናቴ በሕይወት እስካለች ትኑርበት፤ ከእሷ በኋላ ለወንድሜ ሴት ልጅ ይሁን። የአባቷን አፍንጫና የእኔን ምላስ ይዛለች፤ አፍንጫውን ይማርላት። እስክታድግ ድረስ አባቷ ይህን ድርሻ አይሽጥ፣ አያስይዝ፣ አይምከርበት።

አምስተኛ፦ የመስክ ቦት ጫማዬ በእኔ ቦታ ለተቀጠረችው ቀያሽ ይሰጥ። አላውቃትም። መሥሪያ ቤቱ ግን ለሴት እግር የሚሆን ጫማ ገዝቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ።

ይህን እየተናገርኩ ሳለ ጉንፋን ገባ። በፌስታል ብርቱካን ይዟል።

"እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ? እግዜር ይማርሽ" አለኝና ወደ እናቴ ዞረ። "እማማ፣ ነገ ከሚንገላቱ ዛሬውኑ እንጨርሰው።" ወረቀቱን አልጋዬ ላይ፣ እግሬ አጠገብ ዘረጋው። እስክሪብቶም ሰጣት።

"አንተ፣ የታመመ ሰው ፊት!" አሉ ረዳቴ።

"እኔም እኮ ልጠይቃት ነው የመጣሁት፣ ጋሼ። ብርቱካን ይዤ።"

"ብርቱካኑስ ወለድ አለው?"

ነርሷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እናቴ አልሳቀችም። እስክሪብቶውን እንደያዘች ወንድሜን አየችው። "ንገረው" አለችው።

ጉንፋን ዞር አለ። "አንተ ደግሞ ማነህ?"

"የአክስቷ ልጅ ነኝ" አለ ወንድሜ።

 ጸሐፊዋ መጻፍ አቆሙ፤ "ይጻፉት" ያልኳቸው እኔ ነኝ። እናቴ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችና የስልክ ቁጥር መጥራት ጀመረች። ምንም አላመነታችም፤ እንደ ልጇ ስም ከአፏ ወጣ። ጉንፋን እየሰማ ስልኩ ላይ መታው። የወንድሜ ኪስ ጮኸ።

"እኔም እህት የለኝ፣ አባቱም እህት አልነበረው" አለች እናቴ። "ይኸ የወለድኩት ልጄ ነው። የተበደረው እሱ ነው። ገንዘብ የለንም። ቤቴንም አልፈርምም።"

ስልኩ መጮኹን ቀጠለ።

"አንሣው እንጂ!" አለችው።

አነሣው። በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሁለቱም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አንዱ "ሃሎ" አለ፤ ሌላውም "ሃሎ" አለ። ከዚያ ነርሷ ሁለቱንም ወደ ኮሪደሩ አስወጣቻቸው።

ስድስተኛ፦ ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። እናቴ የወንድሜን አዲስ ቁጥር በቃሏ ታውቀው ኖሯል። ቢሮዬ እየተደወለ "ያቺ ሌባ" ስባል ታውቀው ነበር። ሥራዬን አጥቼ ስመለስ፣ መጋረጃው ጀርባ ቆማም ታውቀው ነበር። ይህም ይጻፍ። አሁን እጄን ይዛ "ይቅር በይኝ" እያለችኝ ነው። ሊሞት ለተዘጋጀ ሰው እሺ ማለት ይቀላል፤ እኔ አልተዘጋጀሁም። ይቅርታዬ በዚህ ኑዛዜ ከማካፍለው ንብረት ውስጥ የለም። እሱን በእጄ ነው የምሰጣት፤ ለዚህም ከነገው አልጋ መነሣት አለብኝ። እነሣለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ በምስክሮች ፊት ተነቦልኛል። ቃሌ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ኑዛዜ የለም።

ተናዛዥ፦ ፈርሜያለሁ።

ጸሐፊ፦ እንደተነገረኝ ጽፌያለሁ፤ ወሬውን ጭምር። ፈርሜያለሁ።

ምስክር፣ የክፍሉ ነርስ፦ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፣ የመስክ ረዳት፦ ፈርሜያለሁ።

ወንድም፦ ከዕዳ ሰብሳቢው ጋር ኮሪደር ላይ እየተነጋገረ ስለሆነ አልፈረመም።

እናት፦ ሰምቻለሁ። ዛሬ የፈረምኩት ይህን ብቻ ነው።