የሚቸኩል ደም

ጥቅምት 4
ታላቅ ወንድሜ ዛሬ እኔ ከምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መሰላል ላይ ሆኖ ራሱን አዞረው። ጣቱን ወጋሁት። ቀጭኗን የመስታወት ቱቦ ጠብታው ላይ ሳስጠጋ ደሙ ሽቅብ ተሳበ።
«ማነው የሚስበው?»
«ማንም። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ራሱ ይወጣል።»
«እኔ መሰላል መውጣት አቅቶኝ ደሜ ይወጣልኛል በይኛ።»
ሳቅን። ግን ፈጠነብኝ... የሳሳ ደም ይቸኩላል። አልነገርኩትም። ቱቦው በማሽን ተሽከርክሮ ደሙ ሲጠል ቀዩ ከደሙ ሩብ አላለፈም። የጤነኛ ወንድ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ጥቅምት 5
ቱቦውን አልጣልኩትም ነበር። ጠዋት ደግሜ አየሁት። ጫፉን የደፈንኩበት ጭቃ ተሸርፏል፤ አፍስሷል። ሲያፈስ ደግሞ ቀዩ ያንሳል። በሥራ ስህተቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ያውቃል? ደወልኩለት።
«እቱ፣ ደሜን ደፋሽው እንዴ?»
ነገ ይመጣል።

ጥቅምት 6
ሁለት ቱቦ ሞላሁ። ጭቃውን ጠበቅ አድርጌ ደፈንኩ። ለባልደረባዬ ሰጠኋት፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። አነበበችና፣
«ይሄ ሰውዬ ቆሞ ይሄዳል?» አለች።
ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።
«በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እህቴ» አላት።
ቱቦዎቹ ምንም አላፈሰሱም። ሁለቱም ከሩብ በታች።

ጥቅምት 17
ሆስፒታል ያደረገው የአጥንት መቅኔ ምርመራ ውጤት ደረሰ። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደብንም። መቅኔው ደም መሥራት እያቆመ ነው። ከእህት ወይ ከወንድም የሚስማማ ከተገኘ ይተካለታል... ከኔ ሌላ ማን አለው?
መንገድ ላይ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።
እማዬ «ልጄ ምነው ገረጣ?» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ድካም ነው አልኳት። አመነችኝ? እንጃ።

ጥቅምት 20
ለመስማማት ምርመራው ባልደረባዬ ከክንዴ ደም ወሰደች። መርፌው ሲወጣ አንዲት ጠብታ ቀረች። ልማድ ሆኖብኝ ቱቦ አስጠጋሁባት። ደሙ ቀስ ብሎ ወጣ። የጤነኛ ደም... አፈርኩ።
ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። ቀልዱን ጠበቅሁ።
«ያንቺ አይቸኩልም» አለ ብቻ።
መስማማት አለመስማማቴ ኅዳር 3 ይታወቃል።