ሁለቱ ወጥ ቤቶች

ነሐሴ 9፣ ጠዋት 1፡20

ደብተሬ፣ ትራክተሩ ላይ ወጥቼ ነው የምጽፍብሽ። ኔትወርክ ያለው እዚህ ብቻ ነው። መቀመጫው ላይ ቆሜ ስልኬን ወደ ሱዳን ሳዞር ሁለት መስመር ይይዛል፣ ስቀመጥ ይጠፋል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ አንድ ጫማዬን በላው። ሰሊጡ ደህና ነው። አበባ ይዟል።

እስካሁን ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አባባ ዘንድሮ እርሻውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ለአንድ ክረምት ብቻ፣ ለሙከራ። ምርቱን በደህና ካስገባሁ መሬቱ በእኔ እጅ ይቆያል። ካበላሸሁ፣ ከኮኪት እየተመላለሰ የሚለማመጣቸው ባለሀብት አለ፤ ለአሥር ዓመት ያከራዩታል፣ እኔም ወደ ጠመኔዬ። የሁለተኛ ደረጃ ኢኮኖሚክስ መ/ርት ነኝ። ሰሊጥ የሚታጨደው መስከረም፣ ት/ቤት የሚከፈተው መስከረም። አርባ ሄክታር ያለው ሰው ልጅ ሆኜ አጨዳ ላይ ውዬ አላውቅም። ዘንድሮ ፈቃድ ወስጃለሁ።

ስለዚህ ስትራቴጂ እየነደፍኩ ነው። በወጉ፣ እንደ ድርጅት። ብቻዬን አይደለሁም፤ ስልኬ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። አባባ «ጠንቋይሽ» ብለው ስም አወጡለት።

ዛሬ ጠንቋዬ አስደነገጠኝ። አፈሩ ጥቁር ነው ስለው፣ ውሃ ሰሊጡ ሥር እንዳይተኛ ማፋሰሻ ተቆፍሯል ወይ አለኝ። ትናንት አባባ የጠየቁኝ ይኸንኑ ነው። አንድም ቀን ዋልካ ረግጦ የማያውቅ ነገር ይኸን ከየት አመጣው? ከትራክተሩ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ነሐሴ 17፣ ረፋድ 4፡00

ጾም ተፈታ። ትናንት በግ ታርዶ ዛሬ ሆዴ አኩርፏል። ሥራው ግን አልቆመም።

ትናንት ማምሻውን ያለንን ሁሉ ለጠንቋዩ ጻፍኩለት። ሦስቱን ማሳ፣ ትራክተሯን፣ የውሃ በርሜሉን፣ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች። በሁለት ካቦ፣ ሠራተኛ ሰብስበው በሚያመጡ አለቆች ነው የምናሠራው አልኩት። አንዱ የጎጃሙ ሙሉቀን፣ ሌላው የወሎው ጋሽ ሐሚድ። ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ፣ ሁለት እርድ።

እዚህ ላይ ጥያቄ አነሳ። በሁለት መከፈሉ ምክንያት አለው ወይ አለኝ። «ልማድ ነው» ብዬ መለስኩ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነበር። ደግሞስ እስላምና ክርስቲያን በአንድ እርድ እንደማይበላ ማን ያጣዋል።

ጠዋት ስከፍተው አሥራ አንድ ገጽ! ስጋቱ፣ ዕድሉ፣ ተወዳዳሪው፣ የሱዳን ጦርነት ገበያውን የሚነካበት መንገድ ሳይቀር። አማርኛው የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል እንጂ ሐሳቡን ሳነበው አፌን ይዤ ቀረሁ። እኔ በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፌ አላውቅም። ዋናው ምክር፦ አንድ ካቦ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ሃምሳ ሰው፣ ከመስከረም 14 እስከ 29 አሥራ ስድስት ቀን። ውል አስቀድሞ፣ በጽሑፍ። አባባ ውል የሚገቡት መዳፍ በመምታት ነው። አንዱ እጁን ይዘረጋል፣ ሌላው ይመታዋል፣ አለቀ። በዚህ ዘመን።

ነሐሴ 18፣ ከሰዓት 9፡00

ለአባባ አነበብኩላቸው። የማጭድ እጀታ እየጠረቡ ሰሙኝ፤ አንድም ቦታ አላቋረጡኝም። ሲያልቅ፣ ሐሚድስ አሉ። አንድ ካቦ ይበቃናል፣ ሙሉቀን ብዙ ሰው ያመጣል አልኩ። ለጠንቋይሽ ሁሉን ነግረሽዋል ወይ አሉ። ሁሉን አልኩ። እሺ አሉ።

አባባ እኔን ሳይከራከሩ እሺ ብለው አያውቁም። ደስ አለኝ። ትንሽም ከነከነኝ፣ ግን ተውኩት።

ጳጉሜን 3፣ ጠዋት 3፡00

ለጋሽ ሐሚድ ደወልኩ። የአሠራር ለውጥ አድርገናል፣ ዘንድሮ በአንድ ካቦ ነን አልኳቸው።  አባትሽ ደህና ናቸው ወይ አሉኝ። ደህና ናቸው አልኩ። እንግዲያ ግድ የለም፣ አላህ ያግዝሽ ብለው ዘጉ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ የጓንግ ወንዝ ሲሞላ በጫንቃቸው ያሻገሩኝ ሰው ናቸው።   ሥራ ሌላ፣ ዝምድና ሌላ።

መስከረም 14፣ ማታ 12፡15

ሃምሳውም መጡ! አንድ አልጎደለ። ሙሉቀን ባለ አራት ገጹን ውል ሳያነብ በአውራ ጣቱ ፈረመልኝ። የምሥራቁ ማሳ ደርሶ ስለነበር ወዲያው ገቡበት። ነዶው ተራ በተራ ሲቆም ሳይ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ምዕራቡ አራት ቀን ይቀረዋል፣ የወንዙ ዳር ደግሞ ሳምንት።

አባባ ዛሬም የሚሉት አንድ ነው። ሰሊጥ አይለምንም። ፍሬው አፉን ሊከፍት ሲል ካላጨድሽው መሬት ላይ ይዘረግፈዋል፣ ከዚያ ለቅሞ የሚያነሳው ወፍ ብቻ ነው። አውቃለሁ፣ ስትራቴጂው ገጽ ስድስት ላይ አለ አልኳቸው። ሳቁብኝ።

መስከረም 16፣ ከሰዓት 8፡00

ቀትር ላይ ማጭድ ወረደ። ደመራ ነው፣ ምን ይባላል። እኔም ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ። ነገ መስቀል፣ ከነገ ወዲያ እሑድ። ሁለት ቀን ተኩል። ሰኞ ይካካሳል።

መስከረም 19፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ማንም አልተነሳም።

ታመው መስሎኝ ሮጥኩ። ሃምሳ ሰው ዛፍ ሥር ተጋድሟል፣ አንዱ ልብሱን ይሰፋል፣ አንዱ ጓደኛውን ይላጫል። ሙሉቀንን ምን ሆናችሁ አልኩት። እሱ ደግሞ በእኔ ደነገጠ። ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው አለኝ። ገብርኤል እንደሆነማ አውቃለሁ። እኔ ት/ቤት በገብርኤል አስተምራለሁ፣ ቢሮው በገብርኤል ይከፈታል። በገብርኤል ማጭድ የሚያነሳ የደጋ ሰው እንደሌለ ግን እንዴት ጠፋኝ? ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አይደለም?

እሺ፣ ነገስ አልኩት። ነገ እንሠራለን፣ ከነገ ወዲያ ግሸን ማርያም ናት አለ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ደብተሬ፣ አብረሽኝ ቁጠሪ። 17 መስቀል። 18 እሑድ። 19 ገብርኤል። 21 ማርያም። 23 ጊዮርጊስ። 25 እሑድ። 27 መድኃኔዓለም። 29 በዓለ እግዚአብሔር። ከአሥራ ስድስቱ ቀን ስምንቱ። ግማሹ! የማይሠራበትን ግማሽ ነው የሥራ ቀን ብዬ የቆጠርኩት። ምዕራቡ ደግሞ ደርሷል።

4፡30

ትራክተሩ ላይ ነኝ። ለጠንቋዩ ጻፍኩለት፤ በበዓል ቀን አይሠሩም አልኩት፣ ቀኖቹን ዘረዘርኩ። ከደቂቃ በኋላ አዲስ ዕቅድ አወጣልኝ። ሠራተኛውን በሁለት ቡድን ይክፈሉ፤ የበዓል ቀናቸው የሚለያይ ሁለት ቡድን ይቅጠሩ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ያጭዳል፤ ለየቡድኑ የየራሱ ወጥ ቤት ይኑረው።

ስልኩን ልወረውረው ነበር። የአባባን እርሻ ነው የጻፈልኝ። እነ ሙሉቀን ማርያምን ሲያከብሩ እነ ጋሽ ሐሚድ ያጭዳሉ፣ እነ ጋሽ ሐሚድ ዓርብ ቀትር ሲሰግዱ፣ ዒድ ሲውሉ እነ ሙሉቀን ያጭዳሉ። ማሳው ባዶ የሚውልበት ቀን የለም። ሁለቱ ወጥ ቤቶች ለሥጋ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ወደ ኋላ መልሼ የነሐሴውን አነበብኩ። ጠይቆኝ ነበር እኮ። ምክንያት አለው ወይ ብሎ በግልጽ ጠይቆኛል። «ልማድ ነው»። ሁለት ቃል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 20፣ ማታ 12፡00

ሲያጭዱ ዋሉ፣ ከልባቸው። አልደረሱበትም። የምዕራቡ ማሳ ጫፍ አፉን ከፍቷል። አንዱን ዘንግ ነካ ሳደርገው ፍሬው እንደ አሸዋ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ለአባባ ነገርኳቸው፣ ምንም ሳልደብቅ። አልተቆጡም። ዕቅዱ እንደማይሆን ከነሐሴ ጀምረው ያውቁ ኖሯል፤ ያን ቀን እጀታ እየጠረቡ ሲሰሙኝ። ይኸኛው ከሁሉም በላይ አስደነገጠኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው፤ አባቴ ላይ ጮህኩ። ቀስ ብለው፣ «መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ትራክተር ላይ ቆመሽ ስትጠይቂ አይሻለሁ፣ እኔ እኮ ከታች ቁጭ ብያለሁ አሉ።

ከዚያ ያልሰማሁትን አወሩኝ። ከደጋ በወረዱበት በመጀመሪያው ዓመት እሳቸውም ግማሹን ሰሊጥ አራግፈዋል። ልክ በግሸን ማርያም፣ ሰው ሁሉ ተጋድሞ ሰሊጡ እየፈሰሰ ሳለ፣ አንድ ቀጭን ወጣት ከመንገድ ገብቶ ሥራ አለ ወይ አላቸው። ሐሚድ ነው። ሁለተኛው ወጥ ቤት በማግስቱ ተሠራ።

የጋሽ ሐሚድን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አይነሳም። አንድ የአይሱዙ ሹፌር በገለጉ መንገድ የአንድ ሰው ማሳ ላይ አይቻቸዋለሁ አለኝ። የይቅርታ መልእክት እንዲጽፍልኝ ጠንቋዩን ጠየቅኩት። «የተከበሩ አቶ ሐሚድ፣ ላጋጠመዎ አለመመቻቸት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ጀመረ። አጠፋሁት። ነገ ማልጄ እሄዳለሁ። ሹፌሩ መንገዱ ክፍት ነው ብሎኛል።

መስከረም 21፣ ከሰዓት 8፡10

ማሳ ዳር ተቀምጫለሁ። አይሱዙው ጭነት ላይ ስንገጫገጭ መጥቼ ወገቤ የእኔ አይደለም። ማርያም ናትና በየመንገዱ ያለው ማሳ ሁሉ ጭር ብሏል፤ እዚህ ብቻ ማጭድ ይሰማል።

ጋሽ ሐሚድ ሲያዩኝ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። አባትሽ ምን ሆኑ አሉኝ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ለመርዶ የመጣሁ መስሏቸዋል። ደህና ናቸው ስላቸው ቁጭ አሉ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ስልኩ አንድ ካቦ ይበቃል ስላለኝ ነው ያስቀረሁዎት አልኳቸው፣ እንዲሁ፣ እንደ ሕፃን።

ስልኩ እኔን ያውቀኛል ወይ አሉኝ። አያውቅዎትም አልኩ።

«እንግዲያ በሱ አልቀየምም። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

 ለዚህኛው ባለ ማሳ እስከ ዛሬ ማታ ቃል አለባቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሰዎቻቸው ሊመክሩ ዛፉ ሥር ሄደዋል። ባይመጡ አልፈርድባቸውም። ባይመጡ የወንዙ ዳርም ይሄዳል፣ እርሻውም ይሄዳል። ለአባባ አከራዩት የምላቸው ግን እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው እንዲሉኝ አልጠብቅም። ምዕራቡን እኔ እንዳጠፋሁት ለሰውም በአፌ እናገራለሁ።

8፡50

መጡ። ሠላሳ ሰው ሆነን እንመጣለን አሉ፣ የወንዙን ዳር እናደርስልሻለን፣ ምዕራቡን ግን እርሺው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ውሉ ከማን ጋር ነው፣ ከአባትሽ ነው ወይስ ከአንቺ?

ከእኔ ጋር ነው አልኩ። ባለ አራት ገጹ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። እጄን ዘረጋሁ። መዳፌን አዩት፣ አዩት፣ የሚተዉት መሰለኝ። ከዚያ መቱት። ሠላሳ ዓመት ማጭድ የያዘ እጅ! እስካሁን ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኛል፣ እስክሪብቶውንም በግራ እጄ ነው የያዝኩት።