ዶቅማ እበላለሁ ብለው በጉባኤ የቆሙት የአቶ ደግፌ ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደግፌ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ዳና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቂቱ ሻንካ በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር በገረሴ አቅራቢያ በ1930 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እናታቸው የዶቅማ ፍሬ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን ነው ይሉ ስለነበር በሥራ መዝገባቸው ላይ ሚያዝያ ተብሎ ሰፍሯል። ወ/ሮ ወርቂቱ ከወለዷቸው ሰባት ልጆች ለአቅመ ሥራ የደረሱት አቶ ደግፌና ታናሽ እህታቸው አስቴር ብቻ ናቸው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውም ይህችው እህታቸው ናት። ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የሟች ባለቤት ወ/ሮ አገርነሽ አንቺው ትጽፊያለሽ ስላሉ ተጽፏል።

አባታቸው እንሰትና ገብስ የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ቤት ፍሬ የሚበላበት ደንብ ነበረ። ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ ታች ላሉት ሳያወርድ አይቀምስም። ቅርንጫፍ አይሰበርም። ጫፍ ላይ ያለው ለወፍ ይተዋል። ወ/ሮ ወርቂቱ ይህን ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም፤ አርጩሜ ነበራቸው። ማንም ሳያስተምረው ሁሉም የሚያውቀው ሌላ ደንብም ነበረ። ጢም ያበቀለ ወንድና የወለደች ሴት የዱር ፍሬ ሲለቅሙ መታየት የለባቸውም። ከታዩ በቤታቸው የሚቀመስ የለም ይባላል። ሙዝና ማንጎ ከገበያ ገዝቶ መብላት ነውር የለውም። ዶቅማ፣ እንኮይና ሾላ ግን የልጅና የእረኛ ናቸው። ትልቅ ሰው የሚበላቸው ማንም በማያይበት ነው። አቶ ደግፌ የመጀመሪያውን ደንብ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠብቀዋል፤ ሁለተኛው ግን አንድም ቀን ገብቷቸው አያውቅም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ወደ ጨንቻ ሄደው ስምንተኛ ክፍልን ፈጸሙ። እህታቸው አስቴር ትምህርት ቤት የገባችውም አቶ ደግፌ አባታቸውን ለምነው ነው፤ አባትየው እምቢ ቢሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበሉ እንደተቀመጡ ይነገራል። እህታቸው ግን ታስታውሳለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ከወንዝ ዳር ሾላ ይበሉ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የአንድ ዓመት የእርሻ ሥልጠና ወስደው በ1957 ዓ.ም. አርባ ምንጭ በሚገኝ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። ከተማው ገና መቆርቆሩ ነበርና የሚያድሩት የመሣሪያ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር።

በጣቢያው የሚፈላው ባሕር ዛፍ ነው። አቶ ደግፌ ከመደቡ ጥግ ላይ በራሳቸው ጊዜ የአገር ዛፍ ማፍላት ጀመሩ። ዶቅማው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልበቀለላቸውም። በሥልጠናው እንደተማሩት ፍሬውን አጥበው በጥላ አድርቀው በጨርቅ ቋጥረው ለክረምት ያስቀምጡት ነበር። እናታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ቋጠሮውን ሲያዩ ሳቁባቸው።

“ዶቅማ በቆሎ ነው እንዴ? ከአፍህ ወደ አፈር ነው እንጂ” አሏቸው።

በሦስተኛው ዓመት ከበሉት ፍሬ ዘሩን በዚያው ዕለት ተክለው ሁለት መቶ ያህል ችግኝ አገኙ። የሚወስድ ሰው አልነበረም። እሑድ ከጸሎት በኋላ እያዞሩ ራሳቸው በየወንዙ ዳር ተከሉት። የአገር ችግኝ ለመጠየቅ በራሳቸው እግር ወደ ጣቢያው የመጡት የመጀመሪያው ሰው በምዕራብ ዓባያ ሱቅ ያላቸው አቶ ኸሊፋ ናቸው። በሙስሊሞች መቃብር ቦታ የሚተከል ቁርቁራ ፈልገው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅነታቸው ሳይቋረጥ እነሆ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

አቶ ደግፌ በ1958 ዓ.ም. ከወ/ሮ አገርነሽ ቶማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ገነነንና ሙሉዬን አፍርተዋል። ትዳራቸው ጠብ ያልነበረበት ነው ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ጠብ ነበረ። ወ/ሮ አገርነሽ ባላቸው እንግዳ ፊት ከኪሳቸው እንኮይ አውጥተው ሲበሉ ያፍሩ ነበር። ይህን ራሳቸው ጻፊው ብለዋል።

ከአብዮቱም በኋላ አቶ ደግፌ በዚያው ሥራቸው ቀጠሉ። እህታቸው በበኩሏ ከገበሬው ከአቶ ካሱ ጋር ተጋብታ በምዕራብ ዓባያ አቅራቢያ ትኖር ነበር። አራት ልጆች ወልዳለች፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪና የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። ቤቷ ያለው አቶ ደግፌ በየእሑዱ ከተከሏቸው ዶቅማዎችና ከእነሱ በፊት ከነበሩት ዛፎች አጠገብ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ጠፋ። በቆሎው ሳያፈራ ደረቀ፤ በገበያም እህል አልነበረም። ዶቅማው ግን ያን ዓመትም አፈራ። ዶቅማ የበላ ሰው ምላሱና ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ቶሎም አይለቅም። በዚያ ሚያዝያና ግንቦት የመንደሩ ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ወይም በነጠላው ሸፍኖ ነበር የሚያወራው። ለምን እንደሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም። በመሠረተ ትምህርቱም አስተማሪዋ ድምፄን አሞኛል እያለች በሰሌዳ ላይ ብቻ ትጽፍ ነበር፤ ተማሪዎቹም ጮክ ብላችሁ አንብቡ አይባሉም ነበር። አቶ ደግፌ በግንቦት አጋማሽ ግማሽ ኩንታል ዱቄት በበቅሎ ጭነው መጡ። የእህታቸውን ልጆች አዩ፤ እህታቸውንም አዩ። ዱቄቱን አውርደው ተመለሱ።

በኅዳር 1979 ዓ.ም. በመንደር ማሰባሰቡ ሥራ አዲስ መንደር እንዲመሠረት ተወሰነ። የተመረጠው ቦታ ያው በእህታቸው ቤት አጠገብ ያለው፣ ዶቅማዎቹ የተተከሉበት የወንዝ ዳር ነው። አቶ ደግፌ የተላኩት በቦታው ካሉት ዛፎች የትኞቹ እንደሚቆዩ መዝግበው እንዲያቀርቡ ነበር። መመሪያው የፍራፍሬ ዛፍ አይቆረጥም ይላል። ስለዚህ ስልሳ ሁለት ዶቅማ፣ አሥራ አንድ እንኮይ፣ ዘጠኝ ሾላና ሦስት ቁርቁራ በዝርዝራቸው አስገቡ። ኮሚቴው የፍራፍሬ ዛፍ ማለት ብርቱካንና ማንጎ ነው አለ። አቶ ደግፌ ሕዝቡ የሚበላው ሁሉ ፍራፍሬ ነው ብለው ተከራከሩ። እንግዲያው የሚበላ ካለ ሕዝቡ ራሱ ይናገር ተባለና ስብሰባ ተጠራ።

ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ከእናንተ መካከል የዚህን ዛፍ ፍሬ የሚመገብ ማነው ብለው ጠየቁ። ማንም አልተናገረም። ከኋላ አንድ ሰው ልጆች ይበላሉ፣ ዝንጀሮም ይበላል አለና ተሳቀ። ያን ጊዜ አቶ ደግፌ እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እበላለሁ። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ፣ ደመወዝም አለኝ፤ በየዓመቱ እበላለሁ። የሚበላ ሌላ ሰው ካለ ከጎኔ ይቁም” አሉ።

የተነሣ የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያ ዛፍ ያልበላ አልነበረም። አቶ ደግፌ ጥቂት ቆመው ጠበቁ። የሚያውቁትን ስም መጥራት ይችሉ ነበር፤ ማንንም አልጠሩም። ቀጥሎ አቶ ኸሊፋ ተነሡ።

“እኛ ሬሳ የምናጥበው በቁርቁራ ቅጠል ነው። ይህን ለመናገር የሚያሳፍረኝ ነገር የለም” አሉ።

ሦስቱ ቁርቁራዎች እንዲቆዩ ተወሰነ። የቀሩት እንዲቆረጡ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው፣ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው ተብላ የተጠራችው እህታቸው አስቴር ናት። እንዲህ ይላል፦ “በቦታው የሚገኙ የዱር ዛፎችን ለምግብነት የሚጠቀም አዋቂ ነዋሪ አለመኖሩ በስብሰባው ተረጋግጧል።” ነዋሪ የሚለውን ቃል የጨመረችው ራሷ ናት፤ አቶ ደግፌ የመንደሩ ነዋሪ አልነበሩምና። የዚህን ጽሑፍ ስቴንስል የመታው ልጅ ይህ አንቀጽ ቢቀር ይሻላል ብሎ መክሮ ነበር። አልቀረም።

ዛፎቹ በሦስት ቀን ተቆረጡ። እንጨቱ ለአዲሱ መንደር ቤቶች ማገርና ምሰሶ ሆነ። እህታቸው ዛሬ የምትኖርበት ቤት መካከለኛ ምሰሶ ዶቅማ ነው፤ ምስጥ አይነካውም። በቀጣዩ ዓመት ልጆቹ ዶቅማው የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም።

አቶ ደግፌ ኋላ ቀር ልማድን አበረታትተዋል ተብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸውና ወደ ደጋው ተዛወሩ። አልተከራከሩም። በዚያም ከገረሴ እስከ ዶርዜ በእግራቸው እየዞሩ ሕዝቡ የሚበላውን የአገር ፍሬ ሁሉ በደብተር መመዝገብ ያዙ። ሠላሳ አንድ ዓይነት መዝግበዋል። የት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ዘሩ እንዴት እንደሚተከል፣ በመጨረሻም ማን እንደሚበላው ይጠይቃሉ። ሌላው ሁሉ የተለያየ መልስ ተጽፎበታል። ማን ይበላል በሚለው ሥር ግን በሠላሳው ላይ ልጆች የሚል ነው የሰፈረው። ክፍት የተዉት የዶቅማውን ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ጉበታቸውን ታመሙ። ከጥር ወር ጀምሮ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል፤ ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን አድርገዋል፤ እናመሰግናለን። እህታቸው በየሳምንቱ ከምዕራብ ዓባያ እየመጣች ትጠይቃቸው ነበር። በየካቲት መጨረሻ ደብተሩን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው የዶቅማውን ገጽ ከፈቱላት።

“አስቱ፣ ማን ይበላል በሚለው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?” አሏት።

ልጆች ብለው ይጻፉ አለቻቸው። አዩዋት። ከዚያም እንዳለችው ጻፉ። ደብተሩንም ዘግተው ስለ ልጆቿ ጤንነት ጠየቋት።

አቶ ደግፌ ዳልጮ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው መጋቢት 19 ቀን 1981 ዓ.ም. ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የስንብት ጸሎቱ በመኖሪያ ቤታቸው ግቢ ሆኗል። ባለቤታቸው ወ/ሮ አገርነሽ፣ ልጃቸው ሙሉዬና እህታቸው አስቴር ከነልጆቿ አሉ። ልጃቸው ገነነ በብሔራዊ ውትድርና ላይ ስለሆነ መርዶው አልደረሰውም፤ የት እንዳለም በትክክል አልታወቀም። ለቀስተኞች ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ስላጽናናችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። እህታቸው እስካሁን አላለቀሰችም። ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋታል።

እስከዚህ ድረስ እህታቸው እያልኩ የጻፍኩት እኔ አስቴር ነኝ፤ ይህን የማነብላችሁም እኔው ነኝ። ልጆቼ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ባሌ አቶ ካሱም አሉ። በ1977 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦትን ያደርነው በዶቅማ ነው። ልጆቹ ሲጠግቡ የቀረውን እኔ እበላ ነበር፤ ያልጠገቡ ዕለትም በልቼ አውቃለሁ። ወንድሜ ይህን ያውቁ ነበር። በጉባኤው ቆመው ሲጠብቁ የጠበቁት እኔን ነበር፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፍ ነበር። በሆስፒታልም ዳግመኛ ጠየቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ወ/ሮ አገርነሽ ደብተሩን ሰጡኝ። በዶቅማው ገጽ ልጆች ከሚለው ሥር ስሜን ከነአባቴ፣ ዕድሜዬንም አርባ አምስት ብዬ ጽፌአለሁ። ደብተሩ በጠረጴዛው ላይ አለ፤ እስክሪብቶም አለ። ከጎኔ የሚቆም ካለ ብለው ነበር፤ ቆሜአለሁ፣ እሳቸው ግን አያዩኝም። ጌታ የወንድሜን የደግፌን ነፍስ በሰላሙ ይቀበላት፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ።