ለእንግዳ የጸዳች ደሴት

ለተከበሩ የኩሬው ዳርቻ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብስ? እኛ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደህና ነን፤ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ እንቆማለን፣ ማታ እንመለሳለን፣ መሀል ላይ ብዙም የሚሰማን ነገር የለም። ተናድጄ የጻፍኩልዎ እንዳይመስልዎ፤ ንዴቱ አልቋል። ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ኩሬው መሀል ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ እንቁላል የሚጥሉት ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝዮች ከአገራችን ውጭ የትም እንደሌሉ የነገረችን የወፍ አጥኚዋ ሳምራዊት ናት። እዚያ መራባታቸው ከተረጋገጠ እርስዎ ያቀዱት መዝናኛ ደሴቷ ላይ እንደማይሠራም ለእርስዎ ነግራለች። መራባታቸውን አይተው የሚያረጋግጡ ባለሙያዎች የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። እርስዎም እንግዳ ሲመጣ ሰፈር ይጸዳል ብለው የጽዳት ዘመቻ ጠሩ። ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ የደሴቷ ቄጠማ ተጨፍጭፎ፣ ጎጆው ከነእንቁላሉ በአካፋ ተዝቆ፣ ድንጋዩ ኖራ ተቀብቶ እንግዶቹን ጠበቀ። ኧረ እንቁላል አለው ብለው የጮኹትን እማማ ምንትዋብን፣ እንቁላል ከፈለጉ ሱቅ ይሂዱ ያላቸው የእርስዎ ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ደመወዝ ይጨመርለት።

ሦስተኛ፣ እንግዶቹ መጡ፣ በመነጽራቸው አዩ፣ መራባት አልታየም ብለው ጽፈው ሄዱ። አልዋሹም። ሳምራዊት የእንቁላሉን ፎቶ ብታሳይዎ ያ የአምና ነው አሏት። እውነትዎን ነው፤ የዘንድሮውን የቆሻሻ መኪና ወስዶታል።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ። ጠያቂ ይመጣል ተብሎ በሽተኛውን ቀብሮ አልጋውን ማንጠፍ ግን የትም አላነበብኩም፤ ከእርስዎ ተማርኩ።

አራተኛ ነበረኝ፣ ደከመኝ። ቄጠማው ዳግም እስኪበቅልና ጥናቱ እስኪደገም ለመዝናኛው ሲሚንቶ ማፍሰሱ ይቆይ፤ ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ሙዘሚል፣ የኩሬው ማዶ ጎረቤትዎ

ማሳሰቢያ፦ ጎጆ የፈረሰባቸው ሁለቱ ዝዮች ዛሬም ጠዋት መጥተው ኖራ የተቀባው ድንጋይ ላይ ቆመው ነበር። የዘመቻውን ማስታወቂያ ስላላነበቡ ይቅር ይበሏቸው፤ ኖራውን ግን አቆሽሸውታል። ሌላ እንግዳ ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩን፣ እነሱንም እናጸዳልዎታለን።